ገብረ ኢየሱስን ፍለጋ

ስመኘው ያረጋል ቡሬ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ታሪክ ያስተምራል፤ የሚኖረው ግን ፍኖተ ሰላም ነው። መንገዱ ክፍት ሲሆን በጠዋት ሚኒባስ ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል። ሲዘጋ፣ ባለፉት የግጭት ዓመታት ደግሞ መዘጋቱ ነበር የሚበዛው፣ አቶ እጅጉ ከሚባሉ አዛውንት በተከራያት ክፍል ተቀምጦ የዶክትሬት ጽሑፉን ይጽፋል። ይጽፍ ነበር ማለት ይሻላል።

የመጀመሪያ ዲግሪያችንን ስንማር አንድ ዶርም ነበርን። ያኔ እኛ ስለ ነገሥታት ዘመን ስንከራከር እሱ ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ «እነሱን ሌላ ሰው ይጽፋቸዋል፤ አባትህ በደርግ ጊዜ ምን ሲሠራ እንደነበር ጠይቀኸው ታውቃለህ?» ይል ነበር። ማናችንም ጠይቀን አናውቅም ነበር። አንዳንዶቻችን ዛሬ ብንጠይቅ የሚመልስልን የለም። ለስመኘው ታሪክ ማለት ያየው ሰው ገና በሕይወት እያለ ከአፉ የሚሰማ ነገር ነበር። ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ መቅረት የፈለገውም ለዚሁ ነው። አላገባም። «ጊዜ አጣሁ» ሲለን እንስቅ ነበር፤ አሁን አንስቅም።

በስልሳ ዓመተ ምሕረት የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ተነሥቶ ነበር። ስመኘው ከዚያ ትልቅ ነገር የመረጠው አንዲት ቁራጭ ነው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ሁለት አጎራባች ደብሮች አሉ፤ ሚካኤል ከደጋው ጠርዝ ላይ፣ ጊዮርጊስ ከታች ቆላው ውስጥ። የሁለቱ ደብር ሰዎች በአንድ ቀን አብረው ሊነሡ ተማምለው ነበር። የቀጠሮው ቀን ሲለወጥ ሚካኤሎች ወደ ጊዮርጊስ መልእክት ላኩ። በማግሥቱ ሚካኤሎች ብቻቸውን ወጡ። ጊዮርጊሶች እቤታቸው ዋሉ። የሚካኤል ቤቶች ተቃጠሉ፣ ሰውም ሞተ። ሚካኤሎች፣ «መልእክቱ ደርሷቸው ከዱን» ይላሉ። ጊዮርጊሶች፣ «አንድም ቃል አልደረሰንም» ይላሉ። እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ሰላምታ ይለዋወጣሉ እንጂ ልጅ አይሰጣጡም።

መልእክቱ ደርሶ ነበር ወይስ አልደረሰም? የስመኘው ሥራ ሁሉ እዚች ጥያቄ ላይ ነበር የቆመው። አዲስ አበባ ያለው አማካሪው ስመኘው የላከለትን ምዕራፍ አንብቦ ደወለለት።

«ስመኘው፣ የሰማ ሰው ሰብስበህ ልከህልኛል። ሁሉም የየደብሩን ይናገራል። ያየ ሰው አምጣልኝ።»

«ያዩት ሞተዋል፣ ፕሮፌሰር።»

«እንግዲያው ይህ ምዕራፍ የለም። ይህ ምዕራፍ ከሌለ ደግሞ የቀረው ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። ጊዜህም እያለቀ ነው፤ ከዘንድሮ በኋላ ላራዝምልህ አልችልም።»

ያየ ሰው መኖሩን የነገሩት የኔታ ወልደ ዮሐንስ የሚባሉ ዓይነ ስውር የዜማ መምህር ናቸው። ከተማሪዎቻቸው መካከል ተቀምጠው አገኛቸው። ጥያቄውን አላስጨረሱትም።

«መልእክቱን የወሰደ ገብረ ኢየሱስ ነው» አሉት። «የሚካኤል ልጅ ነው፤ ከእኔ ጋር ዜማ ይማር ነበር። ድምፁ ከሁላችን ይበልጥ ነበር። ልጅ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም ብለው እሱን ላኩ። ከዚያ ወዲያ ወደ ጉባኤው አልተመለሰም።»

«በሕይወት ይኖሩ ይሆን?»

«ሞተ ሲሉ አልሰማሁም። ያንን ድምፅ ብሰማው ዛሬም አውቀዋለሁ።»

የኔታ በዚያው ክረምት ዐረፉ። ስመኘውም ገብረ ኢየሱስን ፍለጋ ጀመረ። ከሚካኤል ወደ ጊዮርጊስ፣ ከጊዮርጊስ ወደ ማንኩሳ፣ ከዚያ ወደ ጅጋ፣ መንገድ በተከፈተ ቁጥር ሄደ። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገባ፣ ገበያ መሐል ቆመ፣ የዕድር ዳኞችን ጠየቀ። ሁለት ጊዜ ታጣቂዎች መንገድ ላይ አስቁመው ስልኩን ፈተሹት፤ አንደኛው ወገን ለሌላኛው የሚሰልል መስሏቸው ነበር። «ሽማግሌ ነው የምፈልገው» ሲላቸው፣ «ሽማግሌ ለምን ትፈልጋለህ፣ እርቅ አለ እንዴ?» ብለው ሳቁበት። ገብረ ኢየሱስ የሚባል ሽማግሌ ግን ማንም አያውቅም።

አቶ እጅጉ የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ንግዱን በእርጅና ቢተዉትም በየኅዳሩ ግቢው ውስጥ በርበሬ ማስጣታቸውን አልተዉም። ተከራይና አከራይ በየግድግዳቸው ሲያስነጥሱ ይውላሉ።

«አንተ መምህር፣ ዛሬም ተዘጋ?»

«ተዘግቷል፣ አያ እጅጉ።»

«እንግዲያ ና፣ በርበሬ ልቀም። ተማሪ ቢጠፋ በርበሬ አልጠፋም።»

«እጄን ያቃጥለኛል።»

«ይቃጠል። ጠመኔ የለመደ እጅ እስቲ አንድ ቀን ሥራ ይይ።»

እንዲህ እየተባባሉ ይውላሉ። በመጀመሪያው ሰሞን ስመኘው እንደ ማንኛውም አዛውንት ጠይቋቸው ነበር፤ በስልሳው የት ነበሩ ብሎ። «ቆላ ነበርሁ» አሉት። ሰሊጥ አጨዳ ወርደው ይሆናል ብሎ አሰበና ተዋቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ፍለጋው የሚያጫውታቸው እንደ ቤተሰብ ነው።

አንድ ቀን አብረው በርበሬ እየለቀሙ፣ «ያን ሰውየህን አገኘኸው?» አሉት።

«አላገኘሁትም።»

«እንዴት እያልህ ነው የምትፈልገው?»

«በየደረስሁበት ገብረ ኢየሱስ የሚባል ሰው ታውቃላችሁ ወይ እላለሁ።»

አቶ እጅጉ ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ሳቁ። «እንዲያ እያልህ ነው? እስቲ ቀጥል።» ከዚያ፣ «ብታገኘውስ ምን ልትለው ነው?» አሉ።

«መልእክቱ ደርሶ ነበር ወይ እለዋለሁ።»

አዛውንቱ በርበሬውን ከእጃቸው አላስቀመጡም። «አዬ፣» አሉ፣ «አልደረሰም ነበር'ኮ ልጁ።»

«እርስዎ በምን አወቁ?»

«እኔማ በምን አውቃለሁ። ሰው ሲል ሰምቼ ነው።» አስነጠሳቸው፤ ወሬውም በዚያው ተቋረጠ። ስመኘው አልጻፈውም። የሰማ ሰው ወሬ ጠግቦ ነበር።

በሚያዝያ አቶ እጅጉን ሕመም ጣላቸው። ባሕር ዳር ይወሰዱ ተባለ፤ መንገዱ ግን ዝግ ነበር። ልጃቸው ሰብለ፣ ከአባቷ ጋር የምትኖረው የመጨረሻዋ ልጅ፣ ክሊኒክ ያለውን መድኃኒት እየሰጠች አስታመመቻቸው። ከሳምንት በኋላ አንድ ማለዳ መንገድ ተከፈተ ተባለ። ስመኘው ቦርሳውን አንግቦ ሲወጣ ሰብለ ከበራፉ ጠራችው።

«አባዬ ይጠራሃል።»

ገባ። አቶ እጅጉ ትራስ ተደግፈው ነበር።

«ና፣ ተቀመጥ» አሉት።

«መኪናው ሊያመልጠኝ ነው፣ አያ እጅጉ። ቆላ ጊዮርጊስ ዘንድ አንድ ገብረ ኢየሱስ የሚባል ተገኘ ብለው ደውለውልኛል። ነገ ስመለስ ቁጭ ብለን እንጫወታለን።»

አዛውንቱ ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱት። «ተገኘ አሉህ?» አሉ። «እንግዲያ ሂድ።»

የተገኘው ገብረ ኢየሱስ ጢሙን ገና ያላበቀለ ዲያቆን ነበር። ስመኘው በማግሥቱ ሲመለስ አቶ እጅጉ አንደበታቸው ተይዟል። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

በአገራችን ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። ከሠፈሩ የተማረው ስመኘው ስለነበረ ሰብለ እሱን ለመነችው። እሱም ጻፈ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ሕዝቡ ነጠላውን ለሐዘን አዘቅዝቆ ቆሞ ሳለ አነበበው፦ አቶ እጅጉ በአርባዎቹ አጋማሽ እንደተወለዱ፣ በልጅነታቸው ወደ ቆላ እንደወረዱ፣ በበርበሬ ንግድ ሠርተው ልጆቻቸውን እንዳሳደጉ፣ ሰው አክባሪና ተጫዋች እንደነበሩ። ከግማሽ ገጽ አላለፈም። ሰው ሁሉ «እውነት ነው» እያለ አለቀሰ። ወረቀቱን አጥፎ ወደ ኋላ ሲመለስ የአቶ እጅጉ የንስሐ አባት መምሬ እንድሪያስ ጸሎቱን ቀጠሉ። «አዕርፍ ነፍሰ ገብርከ ገብረ ኢየሱስ» አሉ፤ የባሪያህን የገብረ ኢየሱስን ነፍስ አሳርፍ።

ስመኘው መጀመሪያ ሌላ ሬሳ ያለ መሰለው። ዘወር ብሎ አየ። የነበረው ሳጥን አንድ ነው።

የክርስትና ስም ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው፣ እናት የምታውቀው ስም ነው። ለባዕድ አይነገርም፤ ስሙን ከእናት ስም ጋር ያገኘ ደግሞ ድግምት ይሠራበታል ተብሎ ይፈራል። የቆሎ ተማሪ ግን የሚጠራው በዚያው ስም ብቻ ነው። ለየኔታ ወልደ ዮሐንስ ያ ልጅ ገብረ ኢየሱስ እንጂ ሌላ ስም አልነበረውም። ለቀበሌው፣ ለዕድሩ፣ ለበርበሬ ገበያው ደግሞ ገብረ ኢየሱስ የሚባል ሰው ተፈጥሮ አያውቅም። ይህንን የማያውቅ የጎጃም ልጅ የለም። ስመኘውም ያውቀዋል፤ የራሱን የክርስትና ስም እኔ አብሬው አንድ ዶርም ኖሬ አልነገረኝም። ፍለጋ ሲወጣ ግን ዩኒቨርሲቲ እንዳስተማረው ነበር የሚጠይቀው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ።

ከቀብር መልስ ሰብለን ከድንኳኑ ጥግ ጠራት።

«አባትሽ ዜማ ተምረው ነበር?»

«በልጅነቱ። ማሕሌት ሲቆም ሰምተኸው አታውቅም እንዴ? እንባው ነበር የሚቀድመው።»

«የት ነው የተማሩት?»

«ሚካኤል። የትውልድ አገሩ አይደል።» ፊቱን አየችው። «ምን ሆንህ?»

«የክርስትና ስማቸውን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለች። «ደግሞስ ሰው የአባቱን የክርስትና ስም ለተከራይ ይነግራል?»

ሰልስቱ እንዳለፈ መምሬ እንድሪያስ ዘንድ ሄደ። ቅዳሴ ወጥተው ከቅጽሩ ግንብ ሥር ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«አባ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅዎ።»

«አንዱን አውቀዋለሁ» አሉት። «አትጠይቀኝ።»

«ኃጢአታቸውን አይደለም። የሆነውን ነው።»

«ሰው ንስሐ ሲገባ ይኸ ኃጢአት ነው፣ ይኸ ታሪክ ነው ብሎ ለይቶ ይነግረኛል?»

«ነግረውዎታል ማለት ነው?»

«አላልሁም። ልጄ፣ የነገሩኝ ቢሆን አልነገሩኝም፤ ያልነገሩኝም ቢሆን አልነገሩኝም። ከእኔ የምታገኘው ይኸው ነው።»

«እንግዲህ እርስዎም ሲያልፉ አብሮ ሊቀበር ነው።»

«ስንት ነገር አብሮኝ ይቀበራል መሰለህ» አሉ መምሬ። «የጸሎት ሰዓቴ ነው፤ ልሂድ።»

ስመኘው ቡሬ ሲሄድ የቢሮ ባልደረባው ወንዳወቅ ነገሩን ሰምቶ ጠበቀው። ወንዳወቅ ጂኦግራፊ ያስተምራል፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው።

«እና አንተ ጎጃምን ስታካልል፣ ምንጭህ ከግድግዳህ ማዶ ሲያስነጥስ ነበር?»

«ተወኝ ወንዳወቅ።»

«አልተውህም። አብረኸው በርበሬ ለቅመሃል። ምንም አላለህም?»

ስመኘው ያንን ቀን ነገረው፤ «አልደረሰም ነበር'ኮ ልጁ» ያሉትን።

ወንዳወቅ ከወንበሩ ተነሣ። «በቃ፤ አለቀ። የመልእክተኛው የራሱ ቃል ነው። አልደረሰም ብሏል። ጻፈው፣ ተመረቅ፣ ገላግለን።»

ስመኘው ያን ቀን የተባለውን ሲያላምጥ ሰንብቷል። አልደረሰም ማለት ከተላከበት ቦታ አልገባም ማለት ይሆናል። አልደረሰም ማለት ደግሞ ገና ልጅ ነበር፣ ለአቅመ አዳም አልበቃም፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚጣልበት አልነበረም ማለትም ይሆናል። «ቆላ ነበርሁ» ያሉትም ትዝ ብሎታል። ጊዮርጊስ ቆላ ነው። ቆላ የነበረ ልጅ ደርሷል። ወይም ነገሩ ካለፈ በኋላ ሸሽቶ ነው የወረደው። አዛውንቱ ሁለቱንም ቃል የተናገሩት ሁለት ወገን አስይዘው ነው፤ ስመኘውም ሁለቱንም በአንድ ወገኑ ብቻ ሰምቶ አልፏቸዋል።

«አንዱን ምረጥ» አለ ወንዳወቅ። «ማን መጥቶ ይመረምርሃል?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

ስመኘው ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። ግን ያን ሳምንት፣ መልእክቱ አልደረሰም ብሎ ጻፈው። ኢንተርኔት ስለሌለ ረቂቁን ለማንም መላክ አይችልም፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። የግርጌ ማስታወሻው እንዲህ ይላል፦ «ቃለ ምልልስ፣ ገብረ ኢየሱስ፣ ፍኖተ ሰላም።» እኔ ዘንድ ደውሎ አነበበልኝ። ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነበር። ያማረ ምዕራፍ ነው አልሁት። ያማረም ነበር።

ለአማካሪው የደወለው በማግሥቱ ነው። መስመሩ ይቆራረጥ ስለነበር ከከተማው ወጣ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ ነው ያናገረው።

«አገኘሁት፣ ፕሮፌሰር።»

«አላመንሁህም። ቀዳኸው?»

«ቀበርነው።»

 ስመኘው የሆነውን ሁሉ ተናገረ። አማካሪው ሳያቋርጥ ሰማውና በመጨረሻ፣ «ቃሉን እንዳለ ድገምልኝ» አለው።

«አልደረሰም ነበር'ኮ ልጁ።»

«ልጁ ነው ያለህ? መልእክቱ አላለም?»

«ልጁ ነው ያሉኝ።»

«ስንት ዓመቱ ነበር ያኔ?»

«አሥራ አምስት ቢሆን ነው።»

«እንግዲህ አማርኛ ታውቃለህ» አለ አማካሪው። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። «ጻፈው ካልኸኝ አልከለክልህም። ግን አንተ ታምንበታለህ ወይ ብለው ጽሑፍህን በምትከላከልበት ዕለት ሲጠይቁህ እኔ አጠገብህ ነኝ። ምን ትላቸዋለህ?»

መስመሩ ተቋረጠ፤ ስመኘውም መልሶ አልደወለም።

ምዕራፉን አወጣው። የቀረውን፣ ማንም የሚያውቀውን፣ ሰው በሚሄድበት መኪና በፍላሽ ላከ። ውሳኔውም በሰኔ መጣ፤ ሥራው ለዶክትሬት አይበቃም፣ የተፈቀደውም ጊዜ አልቋል። አርባ ዓመት አልፎታል። እንደገና ልጀምር ቢል የሚቀበለው የለም፤ ቢቀበሉትም የሚጠይቀው ሰው አልቀረም። «ያ ሁሉ ዓመት የት ሄደ?» አለኝ። 

የአቶ እጅጉ ተዝካር ውሳኔው በመጣ ሰሞን ነበር። መኪና የጠፋበት መንገድ ወሬ አልጠፋበትም፤ ሚካኤልም ጊዮርጊስም የመልእክተኛውን ማንነት ሰምተው ኖሮ ከሁለቱም ደብር ሽማግሌዎች በእግራቸው መጡ። ሚካኤሎች ከዳሱ በስተቀኝ ተቀመጡ፣ ጊዮርጊሶች በስተግራ። ሰብለ ጠላ ትቀዳ ነበር። በመጨረሻ ከሚካኤል ወገን አያ ክንዱ የሚባሉ ምርኩዝ የያዙ ሰው ስመኘውን ጠሩት።

«መምህር፣ ሰውየው አንተ ቤት ነበረ አሉ።»

«እሳቸው ቤት ነው እኔ የነበርሁት፣ አያ ክንዱ።»

«ያው ነው። የመጣነው አንድ ነገር ልንሰማ ነው። መልእክቱ ደርሷቸው ነበር?»

 ሰብለ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። ደርሷል ቢል ግራ የተቀመጡት ሁሉ አባቶቻቸው ከሐዲ ናቸው። አልደረሰም ቢል ለሞቱት፣ ለተቃጠሉት ቤቶች ሁሉ ተጠያቂው በዛሬው ቀን የሚዘከረው የሰብለ አባት ነው።

«አልነገሩኝም» አለ።

«ጠይቀኸው ነበር?»

ከግራ በኩል አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን አሰገጉ።

«አልጠየቅኋቸውም» አለ ስመኘው። «ሌላ ሰው ስፈልግ ነበር።»

አያ ክንዱ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። «አገር ምድሩን ጠይቀህ እሱን አልጠየቅኸውም።»

«አልጠየቅኋቸውም።»

 ጥቂት ቆይተው ሚካኤሎች ተነሡ፤ መንገድ ሩቅ ነው አሉ። ሲወጡ አንዱ ለሌላው፣ «ደርሷቸው ነው እንጂ ባይደርሳቸው ምን ያስደብቀው ነበር» ሲል ተሰማ። ጊዮርጊሶችም ተከተሉ፤ እነሱም የየራሳቸውን እያሉ ነበር።

ዳሱ ባዶ ሲሆን ሰብለ ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረች።

«አንዱን ብትላቸው ምን ነበረበት?» አለችው ቀና ሳትል።

«የትኛውን?»

ሰብለ የያዘቻቸውን ብርጭቆዎች ትሪ ላይ ደረደረች። ስመኘው ከአግዳሚው ላይ ያሉትን ብርጭቆዎች እያነሣ ያቀብላት ጀመር።